የእናትሽ ንግግር የተቆረጠበት ቦታ

ናዝሬት፣

ትናንት ጠዋት ለሥራ ስወጣ ኮምፒውተሬ ተዘግቶ ነበር፤ ወንበሬም ከፍ እንዳለ ነበር። የትምህርት ቤት ፊልሜ በእናትሽ ይጀምር ነበር። «አገር ቤት ላሉት ቢሮ ነው የምሠራው ብያቸዋለሁ፤ መጥረጊያዬን እንዳታሳዪብኝ!» ብለው ይስቃሉ። መምህሬ «የፊልሙ ልብ ይህ ነው፤ ከመጨረሻው አንስተሽ መጀመሪያ ላይ አድርጊው» ስላለኝ ነው እዚያ ያመጣሁት።

ማታ ስመለስ ወንበሩ በአንቺ ቁመት ልክ ዝቅ ብሏል።
ንግግሩም የለም።

የይለፍ ቃሌን ከአንቺ ሌላ የሚያውቅ የለም። የቆረጠው ሰው ደግሞ እሳቸው ትንፋሽ እስኪወስዱ ጠብቆ ነው የቆረጠው። እንደዚያ መቁረጥ ያሳየሁሽ እኔ ነኝ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ «እናቴን ለሀበሻ ሁሉ ልታሳዪያት ነዋ!» ብለሽ ስትስቂ ቀልድ መስሎኝ አብሬሽ ሳቅሁ። በግልጽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? እኔም እሳቸውን ደግሜ ፈቃድ መጠየቅ ነበረብኝ፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ሽሮው ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው። የጋራ ልብስ ማጠቢያው፣ የቫስከሪው፣ ተራችን ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስለሆነ ልብሱን አንቺ እጠቢው። እኔ ቫይትቬት ሰፈር እህቴ ጋ አድራለሁ።
የይለፍ ቃሉን ቀይሬዋለሁ።

የንግግሩ ቅጂ እኔ ጋ አለ። ዛሬ ጠዋት ቦታው መልሼ አስገባሁትና ፊልሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አየሁት። ከዚያ ንግግሩን ራሴ ቆርጬ አወጣሁት።

ያስረከብኩት ፊልም ያለ እናትሽ ንግግር ሰባት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ነው።