ከኋላ የተቀመጠ ሰው አስተያየት

ማክሰኞ፣ ግንቦት 6 ቀን
ከሱቃችን፣ ከመቁረጫው ጠረጴዛ አጠገብ ቆሜ የጻፍኩት

እህትሽ ቤት ለከረምሽው ለቤቴ እመቤት፣

እንዴት ነሽልኝ? ጉልበትሽስ? ወገብሽስ? እኔ ደህና ነኝ። ከደህናም በላይ ነኝ፤ ምክንያቱም ይህን ደብዳቤ የሚጽፍልሽ ራሴ ነኝ! ፖስታውን መልሰሽ እይው፤ እስከዛሬ የሚጽፍልኝ የፀጉር አስተካካዩ እጅ አይደለም። የሱ ጽሕፈት እንደ ቆረጠው ፀጉር የተበታተነ ነው። የእኔ እንደ ስፌቴ ነው፤ መስመሩን ይዞ ይሄዳል። አልፎ አልፎ ወደ ቀኝ የሚያዘነብለው ጠረጴዛው ስለሚያጋድል ነው።

የማታ የፊደል ትምህርቱን ባለፈው ሳምንት ጨረስን። አንደኛ ወጣሁ። ሰባት ነበርን፣ ሦስቱ አቋረጡ፣ አንዷ ወለደች፤ ቢሆንም አንደኛ አንደኛ ነው። አስተማሪዋ ወረቀቱን ስትሰጠኝ፣ «ጎበዝ ነህ፤ ምን ዋጋ አለው፣ አንድ ቦታ አትቀመጥም» አለችኝ። እውነቷን ነው። አንድ ቃል ጽፌ መስኮቱ ጋ፣ አንድ ቃል ጽፌ በሩ ጋ። ግቢውን በእግሬ ለክቼ ጨርሼዋለሁ።

እህትሽ ትከሻሽ ላይ ተደግፋ አብራሽ እያነበበች ከሆነ ሰላምታዬን ትቀበልና እዚህ ላይ ይብቃት። የቀረው የባልና የሚስት ነው። በይ፣ ዞር እስክትል እጠብቃለሁ።

ሄደች?

እሺ። «ለአንድ ሳምንት ነው» ብለሽ ነበር የሄድሽው። ይኸው አራት ወር ሆነሽ። ፊደል ነበር እንጂ ያልተማርኩት፣ ቀን መቁጠርማ ድሮም እችላለሁ።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እንዳትስቂ፤ ወይም ሳቂ፣ ብቻ ልስማው። መቀመጥ አቃተኝ። ሠላሳ ዓመት የመኪና ወንበር፣ የሞተር ወንበር፣ የሐኪም ወንበር ሳለብስ የኖርኩ ሰው፣ የከተማውን ሰው ሁሉ አደላድዬ ያስቀመጥኩ ሰው፣ እኔ መቀመጫ አጣሁ። ሶፋውን ወደ ግድግዳው አዞርኩት፤ ቆረቆረኝ። ወደ መስኮቱ አዞርኩት፤ ያው ነው። ጎረቤታችን ግድግዳውን እየደበደበች «ምነው፣ ዕቃ እየጫንክ ነው እንዴ?» አለችኝ። ስፌት መኪናው ጋ ያለውን ያንቺን ወንበር ግን አልነካሁትም። ስፖንጁ ላይ የተቀመጥሽበት ጉድጓድ እስካሁን አልሞላም። እኔ የመረጥኩት ስፖንጅ ስለሆነ ነው፤ ጥሩ ስፖንጅ ሰው አይረሳም።

እና ሳስብ ሳስብ ጥፋተኛውን አገኘሁት፤ ሞተሩ ነው። ያ ሳላማክርሽ የገዛሁት፣ ክሩዘር የሚሉት፣ ረጅሙ፣ ዝቅ ብሎ የሚሄደው። አንቺ የሄድሽው በወንበሩ ምክንያት ነው አልኩ። የወንበር ነገር ከሆነ ደግሞ ዓለም ላይ ከእኔ የተሻለ ሰው የለም። ስለዚህ ደብተር ገዛሁና ይህንኑ ሞተር ያላቸውን ሰዎች በየተራ እየሄድኩ አስተያየታቸውን መሰብሰብ ጀመርኩ። ለእያንዳንዱ አንድ ገጽ፣ ከላይ ርዕስ፣ ከሥሩ መስመር። ብታዪው የመንግሥት ሥራ ነው የምትይው።

መጀመሪያ ጥርስ ሐኪሙ ጋ ሄድኩ። «ዙፋን ነው ስልህ!» አለኝ። «ስቀመጥበት ሌላ ሰው እሆናለሁ።»

«በቀን ምን ያህል ትነዳዋለህ?»

«ከቤቴ እስከ ክሊኒኬ።»

ስምንት ደቂቃ ነው። ስምንት ደቂቃማ ሚስማር ላይም ይቀመጣል! ግን እንዳለው ጻፍኩለት፤ አስተያየት የሚሰበስብ ሰው ፊቱን አያጠቁርም።

ቀጥሎ የእንስሳት ሐኪሙ። እሱ ከጠዋት እስከ ማታ መንገድ ላይ ነው። «የመጀመሪያው ሰዓት አልጋ ነው» አለ። «ሁለተኛው ሰዓት አግዳሚ ወንበር። ከሦስተኛው በኋላ መታከም ያለበት ላሙ ይሁን እኔ አላውቀውም። እግሬ ተዘርግቶ ይሄዳል፤ ጀርባዬ ግን የመንገዱን ጉድጓድ ሁሉ በስም ይጠራል።»

«ታዲያ አትሸጠውም?»

«እንዴ! ቆማ አይተሃታል? እሷን ሸጬ ምን ላይ ልወጣ ነው?»

አጭሩ ዳቦ ጋጋሪ ደግሞ ሊያቅፈኝ ደረሰ። «በዕድሜዬ ሁለት እግሬ መሬት የነካልኝ በዚህ ሞተር ብቻ ነው» አለኝ። ቀጠለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እጄ ግን መሪው ላይ ለመድረስ እንደታጠበ ልብስ ተሰጥቶ ነው የሚውለው። ይህን አትጻፈው» አለ። ጻፍኩት።

ያው ሞተር፣ ያው ስፖንጅ፤ ለአንዱ ዙፋን፣ ለአንዱ ቅጣት። በአንድ ነገር ግን ሁሉም አንድ ናቸው፤ እያደነቁም እያማረሩም በመስታወት ራሳቸውን ያያሉ። እኔስ? እኔም እንደዚያው ነበርኩ።

መጨረሻ ላይ ባለ ፋርማሲዋ ጋ ሄድኩ። እሷ የኋላውን ወንበር ነቅላ በቦታው የመድኃኒት ሳጥን አሥራበታለች። «ለእኔ ይመቸኛል» አለች። «‹ለእኔ› የምትለዋን ጻፍና ከሥሯ አስምርባት።»

«የኋላውን ለምን ነቀልሽው?»

«እህቴን አንድ ቀን ጫንኳት። ከወረደች በኋላ ለሦስት ቀን አላናገረችኝም። ሰው ከሚያኮርፈኝ ሳጥን ይሻለኛል።» ደብተሬን ተቀብላ አገላበጠችው። «ጥርስ ሐኪሙ፣ የከብቶች ሐኪም፣ ጋጋሪው... እነዚህ ሁሉ ከፊት የሚቀመጡ ናቸው እኮ። ከኋላ የተቀመጠ ሰውስ አልጠየቅክም?»

ደብተሬን መልሼ ተቀብዬ አዲስ ገጽ ገለጥኩ።

ሞተሩን የገዛሁ ሰሞን ሱቃችን ውስጥ የሆነው ትዝ አለኝ። የኋላውን ወንበር ስፖንጅ በቢላዋ ስቀንስ ሻይ ይዘሽልኝ መጣሽ። ስፖንጁ ከፋብሪካ ሲመጣ ወፍራም ነበር፤ እኔ ነኝ ሦስት ጣት ያነሳሁለት፣ መስመሩ ከጎን ሲታይ እንደ ወንዝ እንዲፈስ ብዬ። «ለእኔም የምቀመጥበት ተውልኝ እንጂ» አልሽኝ። «አንቺማ ቀላል ነሽ፣ አየር ላይም ትቀመጫለሽ» አልኩሽ። ያኔ ሙገሳ መስሎኝ ነበር። የፊቱን ደግሞ ሁለት ጣት ጨመርኩለት። ይህን እስከዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

ባለ ፋርማሲዋ ሱቋን ዘጋችና «ቁልፉን አምጣ» አለችኝ። «አንተ ከኋላ ውጣ።» እኔ! በገዛ ሞተሬ! መንገዱ ዳር ያለ ሰው ሁሉ ቆሞ አየኝ፤ ፀጉር አስተካካዩማ ግማሽ ራሱን ተላጭቶ የቀረ ሰው ይዞ ነው የወጣው። የምይዘው ነገር ፈለግኩ፤ ምንም የለም። መያዣውን እንዲያምር ብዬ የፈታሁት እኔው ነኝ።

የሄድነው እኔና አንቺ እህትሽ ቤት ከመሄድሽ በፊት ያን እሁድ በሄድንበት መንገድ ነው፤ ድልድዩን ተሻግሮ እስካለው ሻይ ቤት ድረስ። አራት ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄድን ወገቤን ቆረጠኝ። ስድስተኛው ላይ እግሬ የማን እንደሆነ ጠፋኝ። «ቀስ በይ!» ብዬ ጮህኩ፤ ንፋሱ ከአፌ ላይ ነጠቀው። ትከሻዋን መታ መታ አደረግኩ። የተደሰትኩ መሰላትና ፍጥነት ጨመረች።

እዚያው ድልድዩ ላይ ነው የገባኝ። ያን እሁድ ጀርባዬን በቡጢ ስትመቺኝ እኔም ያደረግኩት ይህንኑ ነው፤ ጨመርኩበት። ድምፅሽንም ሰምቼው ነበር። ዘፈን መስሎኝ ነበር። «ሚስቴ ድልድዩ ላይ ዘፈነች» እያልኩ ለስንቱ ሰው አወራሁ! አሁን ግን አላውቅም። ምን ነበር የምትይኝ?

ሻይ ቤቱ በር ላይ ስንቆም መውረድ አቃተኝ። ወረድኩ፤ መቃናት አቃተኝ። ጥርስ ሐኪሙ ጠረጴዛ ይዞ ተቀምጧል፤ ገና ሲያየኝ፣ «ምነው ወንበር ሰፊው!» አለ። «ወንበሩስ አዲስ ነው፤ ያረጀው ተቀማጩ ነው!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ልማድ ነውና ቀድሜ ሳቅሁ። ጎንበስ እንዳልኩ ስስቅ የራሴን ሳቅ ሰማሁት።

የእኔ ቀልድ ነው። ያን እሁድ፣ እዚያው በር ላይ፣ አንቺ ወገብሽን ይዘሽ መቃናት ሲያቅትሽ በሰው ፊት የተናገርኩት። አንቺ አልሳቅሽም። ሻይሽን ሳትጠጪ ያን ሁሉ መንገድ በእግርሽ ተመለስሽ። እኔ ደግሞ ሁለተኛ ሻይ አዘዝኩ።

«ይህን ቀልድ ከማን ሰማኸው?» አልኩት ሐኪሙን።

«ያንተው አይደል እንዴ! አራት ወር ሙሉ ከተማው የሚስቅበት። በሽተኛ ወንበሬ ላይ ሲንቀጠቀጥ ሁሉ እላታለሁ።»

ባለ ፋርማሲዋ አልሳቀችም። ስንመለስ (እኔ በእግሬ፣ እሷ ሞተሩን አጠገቤ እየገፋች) እንዲህ አለችኝ፦ «ሚስትህ የወገብ ቅባት ልትገዛ መጥታ ነበር። ወረፋ ላይ የቆመ አንድ ሰው ይችኑ ቀልድ ጣለባት። ስቃ ወጣች። ከፍላበት ነበር፤ ቅባቱን ግን ጠረጴዛው ላይ ረስታው ሄደች።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። እኔ ቀልድ ስወረውር የት እንደምትወድቅ ዞር ብዬ አይቼ አላውቅም፤ የሳቀውን ሰው ነው የምቆጥረው። ለካ አህያውን ፈርቼ ዳውላውን ነበር ስደበድብ የከረምኩት። ወንበሩ ምን አደረገ?

ከዚያን ቀን ወዲህ የኋላውን ወንበር ፈትቼዋለሁ። ቆዳውን አንስቼ፣ ስፖንጁን ጥዬ፣ ብረቱ ብቻ ቀርቷል። ደንበኛ እየመጣ «መቼ ነው የምታለብሰው?» ይለኛል። ልኩን ስላላገኘሁ ነው እላለሁ። ከወንበርሽ ላይ ልወስደው አስቤ ነበር፤ ሜትሩን ይዤ አጠገቡ ቆምኩና ተውኩት። ሳልጠይቅሽ መለካት ይቅርብኝ ብዬ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ሁለት ደብዳቤ ልከሽልኝ ነበር። «ደህና ነኝ፣ አታስብ፣ እህቴም ሰላም ትልሃለች» ይላሉ ሁለቱም። ፀጉር አስተካካዩ ነበር ያነበበልኝ፤ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እየሰማ። «አየህ፣ ደህና ናት» አሉኝ፤ እኔም «አልኳችሁ!» አልኩ። ባለፈው ሳምንት ሁለቱንም አውጥቼ ራሴ አነበብኳቸው። ቃሉ ያው ነው። ብቻ፣ ብቻዬን ሳነባቸው በጣም አጫጭር ናቸው።

ስለዚህ ከደብተሬ አንድ ገጽ ቀድጄ አብሬ ልኬልሻለሁ። ርዕሱን ጽፌበታለሁ፤ «ከኋላ የተቀመጠ ሰው አስተያየት»። ከሥሩ ባዶ ነው። የት የት እንዳመመሽ፣ ከየት ጀምሮ፣ ድልድዩ ላይ ምን ስትይኝ እንደነበር ጻፊልኝ። የሞተሩን ብቻ አይደለም። ከሞተሩ በፊት ያለውንም፤ ሃያ ስድስት ዓመት ነው እኮ። ገጹ ካነሰሽ ጀርባው አለ። የሚያነበው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ለማንም አያወራም፣ ቀልድም አይጨምርበትም። ይህን የሚልሽ እኔ ነኝ፤ አውቃለሁ፣ ማመኑ ይከብዳል።

«ተመለሺ» አላልኩሽም። አስተውለሽ ከሆነ እስካሁን አላልኩም፤ እንዴት ያለ ጨዋ ሆኛለሁ! ብትመጪ ግን አውቶቡስ ጣቢያው ድረስ በእግሬ እመጣለሁ፣ በእግራችን እንመለሳለን። ሞተሩ ቆሞ ይጠብቅ፤ መቆምማ ያምርበታል።

ወገብሽን ይማርልኝ፤ እንቅልፍሽን ያጣፍጥልኝ። የምትቀመጪበት ሁሉ ይመችሽ፣ እህትሽ ቤትም ቢሆን። ለእሷም ለዋለችልሽ ውለታ ሁሉ ፈጣሪ ይክፈላት (አሁን ተመልሳ ብታነብ አይከፋኝም)።

ያንቺው ጉረኛ፣
ወንበር ሰፊው

እስክሪብቶ የለም እንዳትይኝ ይህን የምጽፍበትን ራሱን ከገጹ ጋር ጠቅልዬ ልልክልሽ ነው። ሌላ የለኝም። ስለዚህ እኔ እዚህ ላይ ዝም እላለሁ።