ሁለት ጊዜ የተነበበው የእትዬ ጠመኔ ደብዳቤ

«ልጅሽ ለመጨረሻ ጊዜ የሳቀችው መቼ ነው?» ብለው የወንድማቸውን ሚስት ጠየቋት። ሴትዮዋ እጇን ከሳፋው አውጥታ በቀሚሷ ጠረገች። ያን ቀን የጠየቋት መምህርት ዛሬ የምንሸኛቸው እትዬ ጠመኔ ናቸው።

እትዬ ጠመኔ ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1954 ዓ.ም. ከጣውላ መጋዘኑ ጀርባ ባለችው ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። የበኩር ልጅ ነበሩና ፊደል የቆጠሩት ታናሽ ወንድማቸውን አዝለው ነው። በ1973 ዓ.ም. ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቀው አርባ አንድ ዓመት ሒሳብ አስተማሩ። እጅጌያቸው ከጠመኔ ጸድቶ ስለማያውቅ ቅጽል ስሙን ያወጡላቸው ተማሪዎቻቸው ናቸው። በ1978 ዓ.ም. ከመብራት ሠራተኛው ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ። ባለቤታቸው «እኔ ስታመም ‹ተነስ› ትለኛለች፤ ተማሪ ሲያስነጥስ ግን ምግብ አይበላላትም» እያሉ ያሟቸው ነበር።

ስም ሲጠሩ «አቤት» የሚለው ድምፅ ብቻ አይበቃቸውም ነበር፤ ቀና ብለው የልጁን ዓይን እስኪያገኙ ይጠብቃሉ። በ2003 ዓ.ም. የወንድማቸው ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ገብታ እርሳቸው ዘንድ ተመደበች። ቤት «አክስቴ»፣ ክፍል ውስጥ «ቲቸር» ትላቸዋለች። በዚያ ዓመት ግን ዓይኗን ማግኘት አቃታቸው። ልጅቷ ግንባሯን ዴስኩ ላይ ደፍታ ነበር «አቤት» የምትለው። እናቷ «ዕድሜ ነው፣ ያልፍላታል» ብላ ተወችው።

እትዬ ጠመኔ ፊት ለፊት ቢናገሩ ከወንድማቸው ጋር እንዳይቀያየሙ ፈርተው ለእናትየዋ ደብዳቤ ጻፉ። ማንበብ እንደማትችል አያውቁም ነበር፤ ከባሏ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እናትየዋም ደብዳቤውን ለዚያችው ልጅ ሰጥታ «እስቲ አንብቢልኝ፣ መነጽሬ ጠፍቶብኝ ነው» አለቻት። መነጽር ኖሯት አያውቅም። ልጅቷ ወረቀቱን ዘርግታ «ጎበዝ ናት፣ ትንሽ ዝምተኛ ናት እንጂ ይላል» አለች። እናት «ተመስገን» ብላ ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

እትዬ ጠመኔ መልስ ሲያጡ ሸክሙን ብቻቸውን አነሱት። ምሳ አብረዋት በሉ፣ በየዕረፍቱ አጠገቧ ተቀመጡ፣ ቤቷ ድረስ ሸኟት። ልጅቷ ትንሽ ቀና አለች። ነገር ግን እርሳቸው ጉንፋን ይዟቸው በቀሩበት ቀን ከአልጋዋ አልወረደችም። ርዕሰ መምህሩ «አንቺ አስተማሪዋ ነሽ ወይስ እናቷ?» ቢሏቸው፣ እየጎዳኋት ይሆናል ብለው በአንድ ጊዜ ራቋት። በሁለት ሳምንት ውስጥ ልጅቷ ትምህርቱን ትታ፣ የክፍሏን በር ዘግታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

እትዬ ጠመኔ ወደ ቤት መጥተው ያን ጥያቄ የጠየቁት ያኔ ነው። «ደብዳቤዬንስ ምን አደረግሽው?» አሉ።

«ጎበዝ ናት ይላል አይደል እንዴ፣ እትዬ?»

እትዬ ጠመኔ ሁሉም ነገር ገባቸው፤ ሴትዮዋን ግን አልተቆጡም። «በይ ነጠላሽን አንሺ» ብቻ አሏት። በዚያው ቀን ሁለቱ ልጅቷን መሐል አድርገው ሐኪም ቤት ወሰዷት። ሐኪሙ ሕመሟ ድባቴ መሆኑን፣ ሕክምናውም ጊዜ እንደሚወስድ ነገራቸው። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤት እትዬ ጠመኔ፣ ቤት ደግሞ እናትየዋ ሆነው ያዟት። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደግሞ እትዬ ጠመኔ በወጥ ቤቱ በር ላይ በጠመኔ እየጻፉ እናትየዋን ፊደል አስቆጠሯት። በዓመቱ መሳቢያውን ከፍታ ደብዳቤውን ራሷ አነበበችው። መጨረሻው ላይ «ብቻዬን አልችልም፣ እርጂኝ» ይል ነበር።

የእትዬ ጠመኔ ቅርበት ልጅቷን አድኗት ይሁን ጎድቷት እናትየዋ እስከ ዛሬ አልለየላትም። ሐኪሙን ብትጠይቀው «ሁለቱም» አላት፤ ይህም አልገባትም። ልጇ ለአክስቷ የምትነግረውን ለእርሷ ስለማትነግራት የቀናችባቸው ጊዜም ነበር። ልጅቷ ግን ተሽሏት ትምህርቷን ጨረሰች፤ ሩቅ ከተማም ሥራ ያዘች።

እትዬ ጠመኔ በ2016 ዓ.ም. የኩላሊት ሕመም ያዛቸው። ልጅቷ አንዴ ደወለች፤ ከዚያ በኋላ ድምፅዋ ጠፋ። የወንድማቸው ሚስት አልጋቸው አጠገብ ጋዜጣ እያነበበችላቸው ሳለ ኀፍረት ቢይዛት «እትዬ፣ ምን ብዬ ልቆጣት?» አለች። እርሳቸውም «ተያት። በሯን ከፍታ መውጣቷ ይበቃኛል። ይልቅ አታቋርጪኝ፣ አንብቢ» አሏት።

እትዬ ጠመኔ መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ63 ዓመታቸው አረፉ። የስንቱን ልጅ ስም ጠርተው ዓይኑን እስኪያገኙ እንደጠበቁ ሁሉ፣ ፈጣሪም እርሳቸውን በስማቸው ጠርቶ ወደ ዕረፍቱ ያግባቸው።

ባለቤታቸው፣ ልጃቸው፣ ወንድማቸውና የወንድማቸው ሚስት እዚህ አሉ። ልጅቷ በሯን ከፍታ ሄዳለች፤ ለቀብሩም አልመጣችም።