በኖራ የተሰመረው ጀልባ

ሶዶ፣ ግንቦት 2004 ዓ.ም.

ውድ ቶማ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ እንዲህ ይጀመራል ብለው ስላስተማሩኝ ነው። ቃሉ ገና ከልቤ አልወጣም። ቢሆንም ሳልሰርዘው እቀጥላለሁ።

በቦልቴ በኩል የላክኸው መልእክት ደርሶኛል። ሩትን ለትዳር የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ሲመጡ ከአጥር ውጭ ቆመህም ቢሆን መስማት እንደምትፈልግ ነገረኝ። ምግብ አቅርቤለት መልስ ሳልሰጠው ሸኘሁት። ሩት ግን ሰማች። ከምታስተምርበት ከጉኑኖ ቅዳሜ መጥታ፣ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ፣ «እማ፣ የአባቴ ወንድም በሕይወት እያለ በአባቴ ቦታ ማን ሊቀመጥ ነው?» አለችኝ።

«ወንድሜ ቸሩ አለ።»

«እሱ ያንቺ ወንድም ነው። አጎቴ ቶማ ካልተቀመጠ ሽማግሌዎቹ ከበር ይመለሱ።»

«አባትሽን ለውሃ የሰጠውን ሰው ነው ቤቴ የምታስገቢው?»

«አባቴን የበላው የአባያ ሐይቅ ነው» አለችና ወደ ጓዳ ገባች። ራት አብረን አልበላንም።

በማግስቱ ከጸሎት ስንወጣ ጎረቤቴ ብርነሽ ክንዴን ያዘች። ታውቃታለህ፣ ስትስቅ ትከሻዋ አብሮ የሚስቀው። ሙዚየሙ አዳራሽ ውስጥ ስለ ታይታኒክ ኤግዚቢሽን መጥቷል፣ መርከቡ ከሰመጠ መቶ ዓመት ሆነው አለችኝ። እኔ የሰመጠ ነገር ለማየት ምን ያስኬደኛል? እሷ ግን በነፃ ነው ከተባለች የማትሄድበት የለም፤ እየጎተተች ወሰደችኝ።

ግድግዳው ሁሉ ፎቶ ነው። ኮፍያ ያደረጉ ወይዛዝርት፣ ደረጃው፣ ያ ግዙፍ ጭስ ማውጫ። ከባሕር ሥር የወጣ ማንኪያ ፎቶም አለ። እሱ ፊት ለፊት ቆሜ ንዴቴ መጣ። የእነሱ ማንኪያ ከመቶ ዓመት በኋላ በክብር ይታያል፤ የወንድምህን የሻንቆን አንድ እግር ጫማ እንኳ ፈልጎ ያመጣልኝ ሰው አልነበረም።

ከአዳራሹ መጨረሻ ወለሉ ላይ በኖራ ጀልባ ተሰምሯል። አስጎብኚዋ ወጣት ልጅ ናት። «የነፍስ አድን ጀልባው ስፋት በልኩ ይህን ያህል ነበር። ብዙዎቹ ጀልባዎች ሳይሞሉ ነው የሄዱት» አለች።

«ሳይሞሉ?» አለ አንድ የሻንቶ ሚኒባስ ሾፌር። «ረዳት አልነበራቸውም እንዴ? የእኔ ረዳት ቢኖር መርከቡን በሙሉ እዚች ላይ ይጭነው ነበር!»

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። «እስቲ ግቡና እዩት፤ ግን መስመሩን የረገጠ ሰው ካለ ሁላችሁም ሰመጣችሁ» አለች ልጅቷ። «ተጠጋጉ! ገና ቦታ አለ!» እያለ ሾፌሩ እኔንም ገፍቶ አስገባኝ። ከኋላዬ ሕፃን ያዘለች ሴት ነጠላዬን ጨምድዳ ይዛለች። ከፊቴ የተሰቀለውን ጽሑፍ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። ውሃው ውስጥ የቀሩት ሲጣሩ ጀልባ ላይ ያሉት ይሰሙ ነበር ይላል። ብዙዎቹ ግን ሰው ተረባርቦ ይገለብጠናል ብለው ስለፈሩ አልተመለሱም። ይኸው ቶማ አልኩ በልቤ። ፈሪዎች! አልኩ።

ያኔ ብርነሽ ከማንኪያው ፎቶ ዘንድ እየሮጠች መጣች። «እኔን ጥላችሁ ልትሄዱ? አንቺ ፈጠነች፣ ያዥኝ እንጂ!» ብላ እጄን ጨበጠችና እየሳቀች ሳበችኝ። እግሬ ወደ መስመሩ ተንሸራተተ። ከኋላ ያለችው ሴት «ወይኔ ልጄ!» አለች፣ እሷም እየሳቀች። እጄ እኔን አልጠየቀኝም። የብርነሽን ጣቶች አንድ በአንድ አላቀቅሁና ገፋኋት። ወለሉ ላይ በቂጧ ቁጭ አለች።

«ገደልሽኝ እኮ፣ አንቺ ጨካኝ!» ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ብቻ አልሳቅሁም።

ውሃ አልነበረም፣ ቶማ። አዞ አልነበረም። ኖራ ነው።

በሻንቆ ለቅሶ ቀን ከአባያው ጀልባ የወረዱት ሁሉ ማዕበል ወሰደው ሲሉኝ ነበር። አንተ ብቻ ተነሳህ። «ማዕበል አይደለም፣ እትዬ። ወንድሜ ውሃ ውስጥ ወድቆ ጠርዙን ይዞ ነበር፤ ጀልባው ወደ እሱ ዘመመ፤ ሴቶችና ልጆች ነበሩበት። ጣቶቹን ያላቀቅሁት እኔ ነኝ» አልክ። ከዚያ እጅህን ዘረጋህልኝ። እኔ እጄን ነጠላዬ ውስጥ ደበቅሁ። ዝም ብትል ኖሮ ይህን ሁሉ ዓመት የባሌ ወንድም ሆነህ ሩትን አብረኸኝ ታሳድግ ነበር። ምነው በዋሸኝ ያልኩበት ቀን ብዙ ነው። አንተ እውነቱን ነግረኸኝ ዲምቱ ሄድክ። እኔ ደግሞ በቤተ ክርስቲያን የጌታ እራት ሲዞር ጽዋውን ሳልቀምስ ለጎኔ አሳልፋለሁ፤ ከወንድሟ ጋር ያልታረቀች ሴት ነኝና።

ሁሉም ነገር አለፈ ብዬ አልጽፍልህም። ሻንቆን ዛሬም እፈልገዋለሁ፤ በሩ ሲንኳኳ ዛሬም ቀና እላለሁ። እጅህን ግን የክፉ ሰው እጅ አድርጌ ስጠላው ኖርኩ። እንደ እኔው እጅ ነው።

ያን ቀን ልጆቿን ይዛ ከጀልባው የወረደችው ጣፈጠች ገበያ ላይ ቅቤ ትሸጣለች። ሳያት መንገድ እቀይር ነበር። ማክሰኞ ለሽማግሌዎቹ ለሚቀርበው ምግብ፣ ለሙቿው፣ የሚሆነውን ቅቤ ከእሷ ገዛሁ። የመጀመሪያ ልጇ ሚዛኑን ያዘላት፤ ረጅም፣ ጢም ያወጣ ሰው ሆኗል። ብዙ ሳየው አፍሮ አቀረቀረ።

የደብዳቤውን የመጀመሪያ ቃል ተመልሼ አየሁት። ይቆይ።

እሁድ ከጸሎት በኋላ ና። ከአጥሬ ውጭ የሚቆም ዘመድ የለኝም። የሻንቆ ወንበር አንድ እግሩ ያነክሳል፤ ወደ ግድግዳው አስጠግተህ ተቀመጥበት። ሽማግሌዎቹ የማን ልጅ ናት ሲሉ መልሱን የምትሰጠው አንተ ነህ። ምግብ ሲቀርብ እጅህ ላይ ውሃ የማፈስልህ እኔ ነኝ፤ ለሩት ነግሬያታለሁ፣ ማስታጠቢያውን አትነካውም። ያኔ እጅህን ዘርጋ። እኔም አልደብቅም።

የወንድምህ ሚስት፣
ፈጠነች