ጀልባ ፍሬን የለውም

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፦

በምትውልበት ውሃ ሁሉ ፈጣሪ ከጎንህ አይለይ። እኛ ደህና ነን። እህትህ ሳሎኑን ነጭ ቀብታዋለች፤ የአባትህ ጉልበት ከደረጃው ጋር እንደተጣላ ነው።

ጎረቤታችን ጀልባ ነጂው ግን ሆስፒታል ተኝቷል። ሙሽሮችን ሲያሻግር ሚዜዎቹ “ካፒቴን፣ ለደስታችን!” እያሉ ቢራ ሰጡት። እምቢ ማለት አፈረ። ሐይቁ መሃል ሲደርሱ ገመድ ሊያስተካክል ከመሪው ተነሣ፤ ራሱን አዞረውና ውሃው ውስጥ ወደቀ። ከተሳፋሪዎቹ ሞተር ማጥፋት የሚያውቅ አልነበረም። ጀልባዋ ያለ ነጂ ዞራ መጣችና ከኋላ የሚሽከረከረው የሞተሩ ምላጭ እግሩን ቆረጠው።

ልጠይቀው ስሄድ “እትዬ፣ አልሰከርኩም እኮ! ብድግ ነው ያልኩት” አለኝ። ቆይቶ ደግሞ “ጀልባ ፍሬን የለውም” አለ።

አንተም በጀልባህ የምታዞራቸው ጎብኚዎች በየጉዞው መጠጥ እንደሚቀዱልህ እየሳቅህ ነግረኸኛል። አልቆጣህም፤ ይሉኝታህን አውቀዋለሁ። ነገር ግን ፀሐዩና የውሃው መናወጥ መጠጥን ያብሱታል። ተቀምጠህ ያልተሰማህ፣ ስትነሣ ይሰማሃል፤ ያን ጊዜ መሪውን ለቀሃል።

እባክህ፣ ሞተር ከምታስነሣበት ጀምሮ ጀልባዋን ወደብ ላይ እስክታስር ድረስ አትቅመስ። ሲያስጨንቁህ በእኔ አሳብብ። “እናቴ ኃይለኛ አስተማሪ ናት፤ አስምላኛለች” በላቸው። እኔን ይቀየሙኝ፣ ግድ የለም።

የጫንከው ሰው ሁሉ በእግሩ ይውረድልህ፤ አንተም ተከትለህ ውረድ።

እናትህ