ዳገት የወጣው ወንዝ

ሐሙስ፣ የካቲት 7

ሁለት ሸሚዝ ተኮስኩ። ይበቃል። ቁልፉን ለጎረቤቴ ሰጠሁና አበቦቹን እንዳታሰጥምብኝ አስጠነቀቅኋት። ባለፈው አስጥማቸዋለች።

ነገ ወደ ከተማ፣ ጡሩምባ ጋ። ዕድሜ ልካችንን በአንድ ግድግዳ ተለያይተን ያስተማርን ሰዎች ነን፤ እሱ ሙዚቃ፣ እኔ ጂኦግራፊ። ስሙን ተማሪዎች ያወጡለት በሚነፋው መሣሪያ ብቻ አይደለም፣ በአፉም ነው። እኔን "ማስመሪያ" ይሉኛል። ይበሉ። ቀጥ ያለ መስመር ማንን ጎዳ?

ቅዳሜ ጠዋት እሱ የሚያስጎበኝበት ሙዚየም። ምሽት ላይ ባንዱ። እሑድ መመለስ።

ሙዚየሙ ውስጥ ሞዴሌ አለ። ትምህርት ቤቱ ሲፈርስ ከቆሻሻ ያተረፈው ጡሩምባ ነው፤ ውለታው አለብኝ። ወረቀት ዘፍዝፈን፣ በሙጫ ለውሰን፣ ከተማሪዎቼ ጋር የሠራነው ሸለቆ ነው። ተራራው፣ ሐይቁ፣ ወንዙ። ዓመቱ ሲጀመር ሁልጊዜ አንዱን ቦታ ሆን ብዬ አበላሸው ነበር። "ስህተት አለ፣ ፈልጉ።" ሳያገኙት ወደሚቀጥለው ትምህርት አናልፍም። ያገኘው ልጅ ራሱ ያስተካክለዋል። በመጨረሻው ዓመት ወንዙን ኮረብታ አስወጣሁት... ጡረታዬ ቀደመና ማንም ሳያስተካክለው ቀረ።

ዓርብ፣ የካቲት 8

ጣቢያው ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

"ማስመሪያ፣ አሁንም አልጎበጥክም?"

"አንተም አሁንም ዝም አላልክም።"

እራት ላይ የነገውን ዕቅድ አነሳሁ።

"ሙዚየሙን ተወው" አለ። "እድሳት ላይ ነው። የሥዕሉ ቤት ይሻልሃል።"

ባለቤቱ ማንኪያዋን አስቀመጠች። "የምን እድሳት? ዛሬ ጠዋት ሥራ ገብተህ አልነበር እንዴ?"

"ግማሹ ነው የሚታደሰው።"

"የትኛው ግማሽ?"

ሳህኑን አየ። ይሄ ሰው ሲዋሽ ሳህን ያያል። ድሮም እንዲሁ ነው። ግን ምን አስዋሸው?

ቅዳሜ፣ የካቲት 9

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ሄድን። እድሳት የሚባል ነገር የለም። የድሮ ሳንቲሞቹን፣ የሽመና ዕቃዎቹን፣ የሸክላ ማሰሮዎቹን እያስሮጠኝ አሳየኝ። የትምህርት ቤቱ ክፍል ደጃፍ ስንደርስ ክንዴን ያዘ። "ይሄ ጠባብ ነው፣ ይታፈናል፣ ይቅርብህ።" ክንዴን አስለቅቄ ገባሁ።

ሞዴሌ መሐል ላይ፣ መስታወት ውስጥ። አቧራ እንኳ የለበትም። ደስ አለኝ... ለአፍታ። ከዚያ ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ አነበብኩ። "ወንዙ ኮረብታ ሲወጣ ልብ ይበሉ። በዘመኑ የነበሩ መምህራን የዕውቀት ደረጃ ውስን ነበር።"

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሌላ ሰው የሠራው ሌላ ሞዴል ይሆን ብዬ ዞሬም አየሁ። የለም። የእኔው ነው።

የክፍሉ ጠባቂ ሳቂታ ሴት ናት። "ጋሼ፣ የወንዙን ቀልድ ለእንግዳዎ አልነገሯቸውም?" አለችው።

ጡሩምባ ዝም። ጡሩምባ ዝም ሲል ያየሁት ዛሬ ነው።

"ምን ቀልድ ነው?" አልኳት ረጋ ብዬ።

"'ይሄ መምህር ሲያስተምር እንኳን ተማሪው፣ ወንዙም ሸሽቶ ዳገት ወጣ' ይላሉ እኮ። ትናንት ጎብኚው ሆዱን ይዞ ሲስቅ ነበር።"

ውጭ፣ ደረጃው ላይ አቆምኩት።

"ስህተቱ ለምን እንደተሠራ ታውቃለህ?"

"አውቃለሁ።"

"አንተ ራስህ ስንት ጊዜ ቀድመህ እያገኘኸው፣ ለልጆቹ እንዳትነግር ለምኜሃለሁ።"

"ማስመሪያ፣ ሰው ሳይስቅ የወረቀት ተራራ ማን ቆሞ ያያል? ከሙዚየሙ ሁሉ የሚታወሰው እኮ ያንተ ነው።"

"የእኔ ምን?"

አልጮህኩበትም። ክፍል ውስጥም ጮሄ አላውቅም። ዛሬ ግን የማይጮህ ጉሮሮዬን ረገምኩት።

ያው ዕለት፣ ከሙዚቃው በኋላ

ቃል ስለገባሁ ሄድኩ። ዝቅ ያለ ጣሪያ፣ አንድ እግሩ ያጠረ ጠረጴዛ፣ የጡረተኞች ባንድ። ከበሮ መቺው ድሮ ጥርስ ነቃይ ነበር አሉ፤ አመታቱ ይናገራል።

ጡሩምባ ተነሥቶ ነፋ። እንደዚያ ሲነፋ ሰምቼው አላውቅም። እግሬ ሳላዘው ምቱን መምታት ጀመረ፤ አስቆምኩት። የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ይህን የሚችል ሰው በእኔ ላይ የሚሳቅ ሳቅ ምን ያደርግለታል?

ከዚያ ማይክሮፎኑን ያዘ። "የሚቀጥለው ለጓደኛዬ ነው። እንደሱ ያለ መምህር አላየሁም፣ አላይምም።" ሰው አጨበጨበ። ባለቤቱ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። "ተነሣና እጅ ንሣ እንጂ።" ከወንበሬ አልተነቃነቅሁም።

ሲጨርሱ መድረኩ ሥር ሄድኩ። "እዚህ ያልከውን ነገ እዚያ በልልኝ። ጎብኚው ፊት።"

"እሺ።"

"እሺ አትበለኝ።"

"እላለሁ አልኩህ እኮ። እኔ ልሙት።"

እሑድ፣ የካቲት 10

አልተነሣም። ሆዴን አለ።

ባለቤቱ የመኝታ ቤቱን በር ዘግታ መጣች። "ሆዱ ደህና ነው። የታመመው ሌላው ነው። ምን አድርጎህ ነው ወንድሜ?" ነገርኳት። ቁጭ ብላ ሰማችኝና ነጠላ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ ወደ መኝታ ቤት ተመለሰች። ምን እንዳለችው አልሰማሁም፤ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ወጣሁ።

የሙዚየሙ ኃላፊ ልጄን የምታክል፣ ጨዋ ሴት ናት። ስለ ሸለቆው ሞዴል ነው የመጣሁት አልኳት።

"የሟቹ መምህር ሥራ?"

"የማን?"

"ሠሪው አርፈዋል፣ ቤተሰብም የላቸውም ብለውን ነው ጋሼ ያመጡልን። እርስዎ ምናቸው ነዎት?"

"ሟቹ ነኝ።"

ወንበር ሳበችልኝ። ስለ ስህተቱ አስረዳኋት፤ በየዓመቱ ምን እንደማበላሽ፣ ልጆቹ እንዴት እንደሚፈልጉት። ስታዳምጥ ፊቷ እየቀላ ሄደ። "የሚያስረዳን አጥተን የመሰለንን ጻፍን" አለች። "እንዲያውም ያን ክፍል እንዲያስጎበኙልን የፈለግነው የሠሩትን መምህር ነበር። የሉም ስንባል ጋሼን ቀጠርን።"

እንግዲህ ይሄ ነው ነገሩ።

ጽሑፉን ያኔውኑ በእጇ ነቀለችው። "አዲሱን እርስዎ ይጻፉልን።"

"አይሆንም" አልኳት። "የገደለኝ ሰው ይጻፈው።"

ሳልሰናበተው ተሳፈርኩ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 12

ለልጄ በስልክ ነገርኳት። "ነፍስ ይማር አባዬ" ብላ ሳቀች። አብሬያት ሳልስቅ ስቀር ደነገጠች። "ቀልዴን እኮ ነው።"

ሁሉም ቀልዱን ነው።

ሥራውን ፈልጎ ከሆነ ለምን አልጠየቀኝም? "ያንተን ቦታ ልያዝ" ቢለኝ እምቢ እለው ነበር? አልለውም። ቤቴን ትቼ ከተማ የምገባ ሰው አይደለሁም፤ ይህን ደግሞ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ታዲያ ለምን ገደለኝ? ቀና ብሎ ጠይቆ ከመቀበል ይልቅ ሰርቆ መብላት ጣፈጠው?

ቤተሰብ የለውም ማለቱ ደግሞ... ልጄን ክርስትና ያነሣት እሱ ነው።

ቅዳሜ፣ የካቲት 16

ይደውላል። አላነሣም። አበቦቹ ሰጥመዋል።

ረቡዕ፣ የካቲት 20

ዛሬም ደወለ። ቢያንስ ቁጣዬ ይበርዳል ብዬ ነበር። ሰው ሲያረጅ ይበርዳል የሚለው ማነው? ስነቃ አብሮኝ ይነቃል፣ ጥርሴን ስፍቅ አብሮኝ ይፍቃል።

እሑድ፣ የካቲት 24

ትናንት ባለቤቱ ደወለች። "መጥተህ ስማው። ለሱ አልነገርኩትም።" ልሂድ አልሂድ ስል አደርኩ። ሄድኩ።

ጎብኚው ብዙ ነበር። ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ቆምኩ። ጡሩምባ ሞዴሉ ጎን ቆሟል፤ ከስቷል። ድምፁም ከስቷል።

"ወንዙ ዳገት ሲወጣ ይታያችኋል" አለ። አንድ ሁለት ሰው ፈገግ አለ። "መምህሩ ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ተማሪ ዓይኑን እንዲከፍት ሆን ብሎ ነው ያበላሸው። አላዋቂ ተብሎ እዚህ ሲጻፍበት ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። በላዩ ላይ ቀልድ የጨመርኩበትም እኔ ነኝ። ሞቷል ያልኩትም እኔው ነኝ፣ ይህችን ሥራ ፈልጌ።"

አዲሱን ጽሑፍ በጣቱ አሳያቸው። ከቆምኩበት ይነበባል። ስሜ ከነአባቴ ስም ተጽፏል፤ ከሥሩም ያለው ቃል በቃል ይኸው የተናገረው ነው።

ማንም አልሳቀም። አንዲት ሴትዮ "ታዲያ ሰውየው አሁን የት ነው?" አለችው።

ሊመልስላት ቀና ሲል አየኝ።

"ከኋላሽ ቆሟል" አላት። "አያናግረኝም።"

ሁሉም ዞረው አዩኝ።

"እውነቱን ነው" አልኳቸው። "አላናግረውም።"

በሳቅ ፈነዱ። እሱ አልሳቀም። እኔም አልሳቅሁም።

ኃላፊዋ በሩ ላይ ያዘችኝ። ወንዙን ወደ ቦታው እንመልሰው ይሆን አለችኝ። ጎብኚው ዓይኑን ይክፈትበት፣ ተዉት አልኳት።

እስከ ጣቢያው ተከተለኝ። አንድ እርምጃ ከኋላዬ። የአውቶቡሱ መግቢያ ጋ ስንደርስ "ተቆጣኝ እንጂ፣ ተሳደብ" አለ። አሁንም ሳየው ደሜ ይፈላል፤ ነገም የሚፈላ ይመስለኛል። እጁን ሰደደና ቦርሳዬን ያዘ።

ለቀቅሁለት። ተሸክሞ አስገባልኝ።