ለእራት ስለሚደወለው ደወላችን

ለተከበሩ የቱሪዝም ቢሮ ኃላፊ፣

በቅድሚያ ለክቡር ጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ባለፈው ጉብኝትዎ ወደ እኛ ሲሻገሩ ጀልባው ላይ ያስመለስዎት ሕመም ፈጽሞ ለቆዎት እንደሆነ አሁንም በአሳብ እንጠያየቃለን። እኛ ከናፍቆትዎና ከአንድ ሰው መጉደል በስተቀር ደህና ነን።

እኔ በደሴቷ ዳርቻ የምኖር ዓሣ አጥማጅ ነኝ። ይህንን ደብዳቤ በግልጽ የምጽፍልዎ፣ ቀደም ሲል አሽገን የላክናቸው ደብዳቤዎች በመሳቢያዎ ውስጥ በሰላም እንዳረፉ ስለተረዳን፣ እነሱን ላለመቀስቀስ ነው።

አንደኛ፣ ምስጋና። ደሴታችንን «ምንም የማይፈጠርባት ደሴት» ብለው ለዓለም ስላስተዋወቁልን እጅ እንነሣለን። ሐኪም፣ መብራትና የነፍስ አድን ጀልባ ያጣነው ተረስተን ይመስለን ነበር፤ ለእንግዶች ጸጥታ ታስቦ መሆኑን ሲያስረዱን ዐይናችን ተገለጠ።

ሁለተኛ፣ ደወሉ። ከአያቶቻችን ጀምሮ በባሕሩ ዳር፣ ኮኮናቱ ሥር የተሰቀለ ደወል ነበረን። ሥራው አንድ ብቻ ነበር፤ ባሕር ላይ ሰው ሲቸገር ይደወላል፣ የሰማ ሁሉ የያዘውን ጥሎ ወደ ታንኳው ይሮጣል። የተኳረፉ ጎረቤታሞች እንኳ ያን ጊዜ አንድ ታንኳ ላይ ይቀዝፋሉ። ቢሮዎ ይህ ቅርስ ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቁበት አንጀቱ አልችል ብሎት፣ ወደ እንግዳ ማረፊያው በረንዳ አዛወረውና የእራት ደወል አደረገው።

በመጀመሪያዎቹ ምሽቶች፣ የዋሆች አይደለን፣ እራት በተደወለ ቁጥር መቅዘፊያችንን ይዘን እየተንደረደርን ወደ ባሕሩ ወረድን። እንግዶቹም እየሳቁ ፎቶ አነሱን። እርስዎ ፎቶውን በብሮሹርዎ ሽፋን ላይ ማውጣትዎ ሳያንስ፣ በየምሽቱ እንድንሮጥላቸው በትሕትና ጠየቁን። የታናሽ ወንድሜ ሚስት፣ ነገር የማታበዛ ሴት ናት፣ ይህ ጨዋታ እንዳስፈራት ለሠራተኛዎ ነገረችው። እሱም ጆሯችሁ ይለምደዋል ብሎ አጽናናት። እውነቱን ነው፤ ለመደው። ብዙም ሳንቆይ ደወሉን ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት ተማርን።

ሦስተኛውን ባልጽፈው እወድ ነበር፤ ሆኖም በተራ ቁጥር ያልቀረበ ቅሬታ እንደማይታይ ስለነገሩን ልቀጥል። ባለፈው የዝናብ ወቅት፣ የእራት ሰዓት ሲቃረብ፣ የወንድሜ ታንኳ ከዳርቻው ሳይርቅ አለት ላይ ተገለበጠ። ሚስቱ ከደጃፏ ሆና አየችው። ወደ ማረፊያው ሮጣ ደወሉን ደወለች፤ መዳፏ እስኪላጥ ደወለች። ሰማን። ሁላችንም ሰማን። እኔ መረቤን እየጠገንኩ ነበር፤ ዛሬስ የእራቱን ደወል አስረዘሙት ብዬ ቀና እንኳ አላልኩም። ጥሪውን አክብረው የመጡት እንግዶችዎ ብቻ ነበሩ፤ ወንበራቸውን ስበው ተቀመጡ።

ወንድሜን ባሕሩ በማግስቱ መለሰልን። ደወሉ ታንኳው እስከተገለበጠበት አለት ድረስ ይሰማል። ይደርሱልኛል እያለ ሲጠብቀን እንደሞተ ሳስብ ያቃጥለኛል፣ ክቡርነትዎ፤ ለዚህ ጨዋ ቃል አላገኘሁለትም።

አራተኛ፣ ለቅሶውን ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እንድንቀመጥ በወቅቱ ስላሳሰቡን እናመሰግናለን። እንግዶችዎ ምንም አልሰሙም።

ልመናችን አጭር ነው፤ ደወሉን ወደ ቦታው ይመልሱልን። የራበው ሰው ሳይደወልለትም ይመጣል።

ጸጥታዎ እንዳይደፈርስ ዘወትር የሚመኝልዎ፣ ጆሮውን በመልካም ሁኔታ ያሠለጠኑለት ታዛዥ አገልጋይዎ፣

የሟች ታላቅ ወንድም

ማሳሰቢያ፦ በብሮሹርዎ ሽፋን ላይ መቅዘፊያ ይዞ ከሁላችን ቀድሞ የሚሮጠው እሱ ነው። ሌላ ፎቶ የለውም። ሚስቱ፣ የማያስቸግርዎ ከሆነ፣ «ምንም የማይፈጠርባት ደሴት» የሚለው ጽሑፍ ፊቱ ላይ ያላረፈበት አንድ ቅጂ እንዲልኩላት ትለምንዎታለች።