የግራው ሞተር

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለናሁሰናይ፤

እንደምን ሰነበትክ? የዶሃ ሙቀትስ እንዴት አድርጎሃል? ወገብህን ተሻለህ? እኛ ደህና ነን፤ እማዬ ብቻ አልፎ አልፎ ጉልበቴን አመመኝ እያለች ታማርራለች።

ስለ ባለ ሁለት ሞተሯ አውሮፕላንህ ልንገርህ። ለሞዴል አውሮፕላን ክበቡ የቅዳሜ ትርዒት ወስጄያት ነበር። ያ ኃይለመለኮት፣ አንተ ከሄድክ ወዲህ ሰብሳቢ ሆንኩ ብሎ ደረቱን የነፋው፣ ለሙከራ ሐርላ መንገድ ያለው ሜዳ ላይ አስነሣት። ገና ከመሬት ሳትርቅ ወደ ግራ ተጠማዝዛ ቁጥቋጦ ላይ ወደቀች። ሞተሮቹ እኩል አይስቡ ይሆናል ስለው ዓይኑን ጨፍኖ ድምፃቸውን አዳመጠና እኩል ናቸው ብሎ ፈረደ። በጆሮው መዘናቸው እኮ! ከዚያ የቀኝ ክንፏ ጫፍ ላይ ብሎን በፕላስተር ለጠፈባት። ድጋሚ ወደቀች። ይኼኔ በሰው ፊት፣ ናሁሰናይ ሲሠራት ክንፏን አጣምሞታል፣ ቅዳሜ ካልበረረች ሞተሮቿን ፈትቼ ለራሴ አውሮፕላን አደርጋቸዋለሁ አለ። ሁለት ዓመት የደከምክባትን! የብስክሌቱን ጎማ እንኳ ሰው ለምኖ የሚያስነፋ ሰውዬ!

አፍንጫህን ላስ ብዬው፣ አቅፌያት ባጃጅ ጠጋኙ ዒልሚ ዘንድ ሄድኩ። እሱ ኢንጂነር ነኝ አይልም። ቀፊራ ገበያ በርበሬ የምሸጥበትን የመንጠቆ ሚዛን ጭራዋ ላይ አስረን ሞተሮቹን ተራ በተራ በሙሉ ኃይል አስነሣናቸው። ቀኙ ዘጠኝ መቶ ግራም ሳበ፣ ግራው ስድስት መቶ። ዒልሚ የግራውን ፕሮፔለር ዳበስ አድርጎ፣ አቦ ይሄ እኮ የተገጠመው ተገልብጦ ነው ብሎ ሳቀ። እውነትም የቀኙ ፕሮፔለር ላይ ያለው ጽሑፍ ወደ ፊት ሲያይ የግራው ወደ ጭራዋ ዞሯል። ገልብጠን ስንገጥመው እሱም ዘጠኝ መቶ ሳበ።

ቅዳሜ ቀጥ ብላ በረረች፤ እኔም አለቀስኩ። ኃይለመለኮት ግን አያፍርም፣ ያቃናት የኔ ብሎን ነው እያለ ለሰው ያወራል። ዒልሚ ዘንድ ነቅለን የጣልነውን ብሎን ከቦርሳዬ አውጥቼ መዳፉ ላይ አኖርኩለት።

እማዬ ወለተ ጊዮርጊስ ጉንጭህን ትስማለች። ታናሻችን ሃኒ ናፍቀኸኛል ትልሃለች። ዒልሚም ሰላም ብሎሃል። አብረውህ ለሚኖሩት ልጆች ሁሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

አንድ ነገር ለአንተ ብቻ። ቁም ሳጥኑ ላይ አልበቃ ብላኝ ፕሮፔለሮቿን የፈታኋቸው፣ ለትርዒቱም መልሼ የገጠምኳቸው እኔ ነኝ። ለዚያ ሰውዬ ግን ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልነግረውም።

እህትህ ፍቅርአዲስ
ድሬዳዋ፣ ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.